ትልቁ ገበቴና ትንሹ ገበቴ

ጎጃም፣ ወምበርማ ውስጥ ባለችው ሽንዲ መብራት ሲጠፋ ማሲንቆ አያቋርጥም። ከበሮውም ጭብጨባውም ይቀጥላል። ጸጥ የሚለው ኪቦርዱ ነው፤ ከእሱ ጋር ማይኩ፣ ስፒከሩ፣ በሠርግ ዳስ ጥግ የተደረደረው ባለገመድ ዕቃ ሁሉ። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከቡሬም ወደ ወምበርማ ሲወረድ ባሉት ከተሞች ላደገ ሰው ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። መሣሪያ ሁለት ዓይነት መሆኑን ልጅም ያውቀዋል፤ የራሱ ድምፅ ያለውና ድምፁን ከግድግዳ የሚበደር። እኔን የሚያመራምረኝ በሁለቱ መካከል የቆመ አንድ መሣሪያ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ጨርሶ አይሞትም፣ ኖረም አይባልም። ሙዚቀኞች ሴሚ ሆሎው ይሉታል። መሐሉ ድፍን፣ ግራና ቀኙ ክፍት የሆነ የኤሌክትሪክ ጊታር ነው።

ይህ ጊታር በሁለት ቁመና ይሠራል። አንዱ ሙሉ አካል ያለው፣ ሲያቅፉት ጭን የሚሞላ ነው። ሌላው ቅርጹን ሳይለቅ ተሰብስቦ ያነሰ ነው። መሸጫ ሱቅ ውስጥ የሚነሣው ጥያቄ የትኛው ይሻላል የሚል ነው። ከዚያ በፊት የሚቀድም ጥያቄ ያለ ይመስለኛል። የጊታሩ ድምፅ በማግኔት ተለቅሞ በገመድ ወደ ስፒከር የሚሄድ ከሆነ፣ የገበቴው፣ ማለትም ድምፅ የሚያስተጋባው ክፍት አካሉ፣ ትልቅነት የሚጠቅመው ማንን ነው?

ታሪኩ ከድፍኑ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1940 አካባቢ ሌስ ፖል የተባለ አሜሪካዊ ጊታሪስት፣ ኒውዮርክ በነበረው የኤፒፎን ፋብሪካ ውስጥ፣ ወርዱም ውፍረቱም 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የጥድ እንጨት ወስዶ አንገት ቀጠለበት፣ ክር ወጠረበት፤ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡትን ፒክአፖች ገጠመበት። ስሙንም «ግንዱ» አለው። ግንዱ በደንብ ይጮኻል። ሆኖም ሌስ ፖል በኋላ ደጋግሞ እንዳወራው፣ ያን ጉማጅ ይዞ ሰው ፊት ሲቀርብ ነገሬ ያለው አልነበረም። ከዚያ አንድ ጊታር ለሁለት ሰንጥቆ ግማሾቹን ግራና ቀኝ ለጠፈበት፤ ያኔ ሰው ተቀበለው። ክሩ ያው፣ ማግኔቱ ያው፣ ጣቱም ያው ነበር። የተጨመረው አየር የያዘ ቅርፊት ብቻ ነው።

ይህን ታሪክ የሚያነሡት ብዙዎች ሰው የሚሰማው በዓይኑ ነው ብለው ሊስቁ ነው። እኔ አልስቅም። አድማጭ ድምፁ ከየት እንደሚወጣ ማየት ይፈልጋል፤ ቤት የሌለው ድምፅ ያስፈራዋል። ያ ታዳሚ ስለ ማግኔት ምንም ባያውቅም፣ ድምፅ የሚያድርበት ክፍት ቦታ ሊኖር ይገባል ማለቱ ከሞኝነት የመነጨ አይደለም። ከበሮ፣ ገበቴ፣ የሰው ደረት፣ እስከዚያ ዘመን ድረስ የሚያውቀው ነገር ሁሉ ክፍት ነበረና።

የጊብሰን ኩባንያ ድፍኑንና ክፍቱን ያስታረቀው እ.ኤ.አ. በ1958፣ በቴድ ማካርቲ የኃላፊነት ዘመን ነው። ኢኤስ-335 ተብሎ በወጣው ጊታር ውስጥ የሜፕል እንጨት ከአንገቱ ሥር እስከ ግርጌው መሐል ለመሐል ተጋድሟል። ጎንና ጎኑ ክፍት ነው፤ ፊቱ ላይም ሁለት የኤፍ ፊደል ቅርጽ ያላቸው ቀዳዳዎች አሉ። የመሐሉ እንጨት የገባው በፉጨት ምክንያት ነው። ሙሉ በሙሉ ክፍት የሆነ የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፁ ሲጨመር፣ ማይክ ስፒከር ፊት ሲቆም እንደሚያደርገው ያፏጫል። ስፒከሩ የጊታሩን ፊት ያርገበግበዋል፤ ፊቱ ክሩን ይነቀንቃል፤ ክሩ ያንኑ መልሶ ለስፒከሩ ይሰጣል፤ እንዲህ እያለ ማቆሚያ ያጣል። የመሐሉ ድፍን እንጨት ፊቱን ስለሚይዘው ይህ ዙር ይዳከማል። የብሉዝ ጊታሪስቱ ቢ.ቢ. ኪንግ ከዚህም አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1980 ጊብሰን ሉሲል ብሎ በእሱ ጊታር ስም ባወጣው ሞዴል ላይ ቀዳዳው ጭራሽ ተደፍኗል። ውስጡ ክፍት፣ በሩ ግን ዝግ።

ትንሹ የመጣው ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ሲል ነው። ኢኤስ-339 እ.ኤ.አ. በ2007 ወጣ። ትልቁ በሰፊው ቦታው ከ40 ሴንቲ ሜትር ጥቂት ያልፋል፤ ትንሹ 36 ገደማ ነው። የጃፓኑ አይባኔዝም ሁለቱን ቁመና ኤኤስ እና ኤኤም በሚሉ መለያዎች ይሠራል፤ ኪሱ የሚያስጨንቀው ሰው መጠየቅ ያለበት እሱን ነው።

የጥቂት ሴንቲ ሜትር ልዩነት ነው። ታዲያ የተቀነሰው ምንድን ነው? የክሩ ርዝመት አይደለም፤ በሁለቱም የጊብሰን ጊታሮች 63 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ጣት የሚያገኘው ውጥረት፣ በአንዱ ኖታና በሌላው መካከል ያለው ርቀት አንድ ነው። የመሐሉም እንጨት ፒክአፖቹንና ክሩ የሚያርፍበትን ድልድይ ተሸክሟልና እንደ ልብ ሊጠብ አይችልም። መቀነሱ የወደቀው በጎንና ጎኑ ባለው ክፍት ላይ ነው። ትልቁን ከትንሹ የሚለየው አብዛኛው ነገር ባዶ ቦታ ነው፤ ክርክሩ ሁሉ የሚካሄደው በሌለ ነገር መጠን ላይ ነው።

የሌለው ነገር ግን ሥራ አለው። ሰፊ ፊት ብዙ አየር ይገፋል፤ ትልቅ ክፍተት ለወፍራሙ ድምፅ ይመቻል፤ ክፍተቱ ሲያንስ የሚያስተጋባው ወደ ቀጭኑ ይሸሻል። ክር ሲመታ ያገኘው ጉልበትም የተወሰነ ነው። ገበቴው ብዙውን ወስዶ ለክፍሉ ካከፋፈለው ድምፁ ጎልቶ ይሰማል፣ ቶሎም ያልቃል። ድፍን እንጨት ከሆነ ለክፍሉ የሚሰጠው ጥቂት ነው፤ ክሩ ግን ረዥም ጊዜ ይነዝራል። ማሲንቆ ይህ ችግር የለበትም፤ ደጋኑ የፈረስ ጭራውን ሳያቋርጥ ይመግበዋል፣ እየሰጠም እየተቀበለም ይሄዳል። ተመትቶ ለሚተው ክር ግን ምርጫው ግድ ነው፤ ወይ ለጋስ ይሆናል ወይ ዕድሜ ይኖረዋል። ሴሚ ሆሎው ጊታር በዚህ ምርጫ መካከል የተቀመጠ ነው። ትልቁ ወደ ልግስናው፣ ትንሹ ወደ ዕድሜው ጥቂት ያዘነብላሉ። ጥቂት ነው የምለው አውቄ ነው። ገመዱ ተሰክቶ አምፕሊፋየሩ ሲከፈት፣ ከአዳራሽ ኋላ የተቀመጠ ሰው ሁለቱን ለይቶ ያውቃል የሚል ካለ በሩቅ ሆኜ አከብረዋለሁ።

ስለ ትልቅና ትንሽ ገበቴ ለማሰብ ጊታር እስኪመጣልን አልጠበቅንም። በገናና ክራር ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም ሁለት ምሰሶ፣ አንድ ቀንበርና አንድ ገበቴ አላቸው። በገና ከአንድ ሜትር በላይ ይቆማል፤ 10 አውታር አለው፤ አውታሮቹ ብርኩማ በሚባለው ድልድይ ላይ ሲያርፉ እንዚራ የተባሉት ቁርጥራጭ ቆዳዎች እየነኳቸው ያን የሚያጉረመርም ድምፅ ያወጣሉ። ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር ያለው፣ ክንድ ሥር የሚገባ ነው። በቅርጽ ይህን ያህል ለሚቀራረቡ ሁለት መሣሪያዎች የተሰጣቸው ዕጣ ግን የሰማይና የምድር ያህል ተራርቋል። በገና የዳዊት ነው፤ ዐቢይ ጾም የእሱ ወቅት ነው፤ ለሠርግና ለዘፈን አይነሣም። ክራር ደግሞ የሰይጣን መሣሪያ ሲባል ኖሯል። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ ክራር ባሳተመው ጥናት ይህንኑ ስም ርእሱ ላይ አስፍሮታል።

ለዚህ ፍርድ ብዙ ምክንያት ሊሰጥ ይችላል፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚታየኝ ግን መጠኑ ነው። ትንሽ ገበቴ ሰው ወዳለበት ይሄዳል። ጠጅ ቤት ይገባል፣ ሌሊት ይጓዛል፣ ቆሞ ይመታል፣ ከዘፋኙ ዳሌ ጋር ይወዛወዛል። ትልቅ ገበቴ ሰውን ወደ ራሱ ይጠራል። በገና ይዞ መሮጥ አይቻልም፤ መቀመጥ፣ ማቀፍ፣ ዝም ማለት ይጠይቃል። ደርዳሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይዘምራል፤ መጋቤ ስብሐት አለሙ አጋን የሰማ ሰው ያን ዝቅ ያለ ድምፅ ያውቀዋል። አስገራሚው ነገር ይሄ ነው፦ ትልቁ ገበቴ ለብዙ ሰው ለመጮህ አልተሠራም። በገና በአደባባይ የሚያሸንፍ መሣሪያ አይደለም። ያ ሁሉ እንጨትና ቆዳ የሚያገለግለው ደርዳሪውንና አጠገቡ የተቀመጡትን ጥቂት ሰዎች ነው፤ ንዝረቱ መጀመሪያ የሚደርሰው ካቀፈው ሰው ደረት ነው። ትልቅነት ኃይል ነው የሚለውን ልማዳዊ ግምት በገና ገና ድሮ አፍርሶታል።

ኤሌክትሪክ ሲመጣ ደግሞ ክራሩ ተበቀለ። ለንደን የከተመው የተመስገን ዘለቀ ባንድ፣ ክራር ኮሌክቲቭ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 አልበሙን ሲያወጣ፣ በኤሌክትሪክ የተደገፈ ክራር የሮክ ባንድ ጊታርን ያህል ሲያገሳ ዓለም ሰምቷል። ሙላቱ አስታጥቄም በአሜሪካው ኤምአይቲ እንግዳ አርቲስት ሆኖ ክራርን በዘመኑ ቴክኖሎጂ እንደገና ለመሥራት የተደረገውን ሙከራ አማክሯል። ገመድ ከተሰካ ክንድ ሥር የሚገባው ገበቴ ከበገናው ገበቴ በላይ መጮህ ይችላል። ከዚያ በኋላ የገበቴው ስፋት ለአዳራሹ የሚነግረው ነገር ብዙም አልቀረም።

እንዲያውም ከእንጨቱ ይልቅ እጅ የሚወስነው ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1975 አይቤክስ ባንድ ከማሕሙድ አሕመድ ጋር «እሬ መላ መላ»ን ሲቀርጽ ጊታሩን የያዘው ሰላም ስዩም ወልደማርያም ነበር። የጊታሩ ሐረጎች የክራር ጠባይ አላቸው፤ ክሩ ተነክቶ ይለቀቃል፣ በቅኝቱ ውስጥ እየተመላለሰ ይሄዳል። ያን ቅጂ ሰምቶ የጊታሩን ስፋት በሴንቲ ሜትር የሚነግረኝ ሰው ቢመጣ አላምነውም። ባህሉ የተጓዘው በጣቱ ነው፤ ገበቴው ምንም ይሁን ምን ጣቱ ያው ክራር ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ ስለ መጠን ማውራት ማቆም ነበረብኝ። የማልተወው ግን ሽንዲ ስላለ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በኮንዶሚኒየም የሚኖር ጊታሪስት ሳይሰካ ቢጫወት ምን ይሰማል? የጎረቤት ቴሌቪዥን፣ የታክሲ ረዳት ጥሪ፣ የላይኛው ፎቅ ወንበር። እዚያ የትልቁም የትንሹም ጊታር ድምፅ እኩል ይዋጣል። እንዲያውም ትንሹ ይሻላል፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ ጎረቤትም ሰው ነው። ሽንዲ ላይ ሲመሽ ሌላ ነው። ገበያው ተበትኗል፤ በርበሬና በቆሎ የጫነው መኪና ወደ ቡሬ ወጥቷል፤ በጭቃ ቤት ውስጥ የሚሰማው እሳትና ሰው ነው። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ያልተሰካ ሴሚ ሆሎው ጊታር ድምፅ አለው። ትልቅ ድምፅ አይደለም። ከማሲንቆ ጋር ቢፎካከር ማሲንቆው ሳያስበው ይሸፍነዋል፤ ሳይሰካ እንዲሰማ ተብሎ በተሠራው ክፍት ጊታርም ላይ አይደርስም። ድምፁ ግን አለ። እዚህ ላይ ነው ያቺ የጥቂት ሴንቲ ሜትር ልዩነት ትርጉም የምታገኘው። ትንሹን ጊታር የሚሰማው የሚጫወተው ሰው ነው፤ በክንዱና በደረቱ ጭምር ስለሚሰማው ድምፁ ሙሉ ይመስለዋል። ትልቁን የሚጫወተውም፣ ማዶ መደብ ላይ የተቀመጠውም ይሰሙታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰው ነው።

ነገሩን ከዚህ የበለጠ ማጋነን አልፈልግም። ግን አንድ ሰው ቀላል ነገር ነው? ለራስ ብቻ የሚሰማ ዜማና ማዶ ላለው ሰው የሚደርስ ዜማ አንድ ዓይነት ሥራ አይደሉም። አንደኛው ማሰብ ነው፤ ሁለተኛው ማውራት ነው። ሰው ብቻውን ሲጫወት ከሚጠነቀቀው ይልቅ አንድ ሰው እየሰማው ሲጫወት ይጠነቀቃል፤ ስሕተቱን ይሰማል፣ ዜማውን ይጨርሳል፣ «ድገመው» ሲባል ይደግማል። በዚያ ክፍል ውስጥ ያ ሁለተኛ ሰው መኖር አለመኖሩን የሚወስነው ጥቂት የታጨቀ አየር ከሆነ፣ አየሩ ዋጋ አለው ማለት ነው። ስለዚህ የባዶው ቦታ ጥቅም የሚለካው ከጊታሩ ውጭ ባለው ጸጥታ ነው፤ ጫጫታ ውስጥ ትልቁ ገበቴ ዋጋ የሌለው ክብደት ነው፣ ጸጥታ ውስጥ ግን አድማጭ ይጨምራል። ለጊታር የተጻፉ የገበያ መግለጫዎች ይህን አይነግሩም፤ የተጻፉት ጸጥታ በሌለበት ከተማ ነው።

የወምበርማ ወጣት ጊታር ልግዛ ቢል ሌላም የሚያስበው አለ። ከአዲስ አበባ ሱቆች ገዝቶ ወይም ከውጭ ዘመድ ልኮለት፣ ዕቃው ከከተማዋ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም አድርጎ ቡሬ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ሽንዲ ይታጠፋል። ደጋው ይቀዘቅዛል፣ በረሃው ይግላል፣ ክረምቱ ያረጥባል። በዚህ ረገድ ሁለቱም ቢሆኑ የሚፈራላቸው ብዙ የለም። የሁለቱም የጊብሰን ጊታሮች ፊት ከአንድ ወጥ ሳንቃ የተፈለጠ አይደለም፤ ስስ ንጣፎች በማጣበቂያ ተደራርበው የተጠፈጠፉ ናቸው፤ አናጢዎቻችን ኮምፔርሳቶ ከሚሉት ጋር አንድ አሠራር ነው። እኔ ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል። ብዙ ሺህ ብር የሚጠየቅበት ድምፅ የሚወጣው ቢሮ ከሚከፈልበት ዓይነት ጣውላ ነው፤ ጣውላውም በመደራረቡ ምክንያት በሙቀትና በእርጥበት ብዙ አይጣመምም። የሚፈራው መንገዱ ራሱ ነው። ትልቁ ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ሚኒባስ ውስጥ አይመችም፣ ረዳቱም ወደ ጣሪያ ሊልከው ይፈልጋል፤ ትንሹ በከረጢት ሆኖ ጉልበት መካከል ይቆማል። ረጅም ሰዓት ቆሞ የሚጫወትም ሰው ትከሻው ትንሹን ያመሰግናል፤ ቀኝ ክንዱም በሰፊው ገበቴ ላይ ተንጠልጥሎ አይደክምም።

እንግዲህ የጥር ሠርግ እየዞረ እንጀራውን ከመድረክ የሚያገኝ ሰው ትንሹን ይያዝ። ዳስ ውስጥ ስፒከሩ ጀርባው ላይ ነው፤ ፉጨት ያሳድደዋል፤ ሲሠራ የሚሰማው ማግኔቱ ለቅሞ የላከው ብቻ ነው፤ ሰፊው ገበቴ ለእሱ የፉጨት በር እንጂ ሌላ አይደለም። ማታ ማታ ቤቱ የሚጫወት፣ ታናሽ ወንድሙን የሚያስተምር፣ ጎረቤቱ ብቅ ብሎ «እስቲ ያቺን» የሚለው ሰው ግን ትልቁን ይግዛ ብዬ እፈርዳለሁ። ምክንያቴ ከድምፅ ጥራት ጋር አይያያዝም። ትልቁ የበለጠ ይጣፍጣል የሚሉ አሉ፤ ትንሹ የበለጠ ይጠራል የሚሉም አሉ፤ ገመዱ ከተሰካ በኋላ ክርክሩ የጣዕም ክርክር ነው፣ ለጣዕም ደግሞ ዳኛ የለም።

ጊታር ልትገዙ ስትሄዱ ታዲያ ብቻችሁን አትሂዱ። ሻጩ ገመዱን ሊሰካ ሲነሣ ይቆየን በሉት። ትልቁንም ትንሹንም ሳትሰኩ በምታውቁት አንድ ዜማ ምቷቸው፤ አብሯችሁ የመጣው ሰው ሁለት ሜትር ርቆ ይቁም፤ የሰማውንም እሱ ይናገር። ዋጋውን ከዚያ በኋላ ጠይቁ።